ጀበናው ለምን ጠቆረ? ሸክላን ከጎንደር እስከ ሲንክሮትሮን

ጎንደር ላይ «ራጅ» ስትሉ ሰው የሚመጣለት የተሰበረ አጥንት ነው። እኔም ለእናቴ «ሸክላ ራጅ ላስነሳ ነው» ብዬ ስነግራት «ውይ፣ ደግሞ ሸክላው ምን ሆነ?» አለችኝ። እየቀለደች ነበር። ከዚያ የተሻለ የጥናት ጥያቄ ግን እስካሁን አልመጣልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደባርቅ መንገድ ከከተማው ወጣ እንዳላችሁ ወለቃ አለች። ሸክላዋን የማያውቅ ጎንደሬ የለም። አንዱ ዕቃ ቀይ ነው፣ ሌላው ጥቁር። አፈሩ አንድ ሆኖ እንኳ እሳቱ ቀለሙን ይለየዋል። አየር እንደልብ ሲገኝ አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ይቀላል፤ አየር ጠፍቶ በጭስ ሲታፈን ዕቃው ይጠቁራል። ታዲያ የጠቆረው ብረቱ ራሱ ተለውጦ ነው ወይስ ጥላሸት በሸክላው ቀዳዳ ገብቶ ነው? በዓይን ብታዩት ሁለቱም ጥቁር ነው። ይህንን የሚለይልን የኤክስሬይ መምጠጥ ስፔክትሮስኮፒ ነው። ከዚህ በኋላ ኤክስኤኤስ እያልኩ አሳጥረዋለሁ።

ለዚህ ሥራ የሚፈለገው የጨረር ምንጭ፣ ሲንክሮትሮን (ኤሌክትሮኖችን በክብ እያዞረ ብርቱ ኤክስሬይ የሚያወጣ ግዙፍ ማሽን)፣ ጎንደር ይቅርና አፍሪካ ውስጥም የለም። ይህ ግን አያስደንግጣችሁ። የሥራው ከባዱ ክፍል የሚያልቀው እዚሁ፣ ሚዛንና ሙቀጫ ባለበት ክፍል ነው። እዚያ ሄዶ ከሸፈ የሚባለው ልኬት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ የተበላሸ ናሙና ነው። ስለዚህ እኔም የማተኩረው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ዘዴው ምን እንደሚያይ እንግባባ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የውስጠኛ ኤሌክትሮኑ የሚፈነቀልበት የራሱ የሆነ ጉልበት አለው። ለብረት 7112 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፣ ለማንጋኒዝ 6539፣ ለመዳብ 8979፣ ለዚንክ 9659። የኤክስሬዩን ጉልበት ቀስ እያላችሁ ስትጨምሩ እዚያ ቁጥር ላይ ስትደርሱ መምጠጡ በአንዴ ይዘላል። ይህ ዝላይ ጠርዝ ይባላል። 7112 ላይ የሚመልስላችሁ ብረት ብቻ ነው፤ ሲሊከኑ፣ አሉሚኒየሙ፣ ካልሲየሙ ዝም ይላሉ። በሕዝብ መካከል አንድን ሰው በስሙ እንደመጥራት ነው።

ከዚያ የተፈነቀለው ኤሌክትሮን እንደ ማዕበል ይሄዳል። በጥምቀት ሰሞን የፋሲል መዋኛ ሲሞላ ጠጠር ወርውራችሁ ታውቃላችሁ? ቀለበቱ ሄዶ ግንቡን ይነካና ይመለሳል፤ ከሚመጣው ጋር ሲገናኝ ቦታ ቦታ ከፍ ዝቅ ይላል። ኤሌክትሮኑም ጎረቤት አቶሞችን ነክቶ ይመለሳል። ከጠርዙ በኋላ በመስመሩ ላይ የምታዩት ሞገድ ሞገድ የሚል ነገር ከዚህ የመጣ ነው። የሞገዱ ድግግሞሽ የጎረቤቱን ርቀት ይናገራል፣ ከፍታው ደግሞ ብዛቱን። ይህ ሞገድ እ.ኤ.አ. ከ1920 ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ሰዎች በሚገባ ማንበብ የቻሉት ግን እ.ኤ.አ. በ1971 ሴየርስ፣ ስተርንና ላይትል የተባሉ ተመራማሪዎች የፉሪየር ትራንስፎርምን (የተደራረቡ ሞገዶችን ለያይቶ የሚያሳይ ስሌት) ከተጠቀሙ በኋላ ነው።

ስለዚህ መስመሩ ሁለት ክፍል አለው። ጠርዙ አካባቢ ያለው ዛንስ ይባላል፤ ብረቱ ብረት-2 (ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ) ነው ወይስ ብረት-3 (ሦስት ያጣ)፣ በስንት ኦክስጅን ተከቧል የሚለውን ይነግራችኋል። ራቅ ያለው ሞገድ ኤግዛፍስ ነው፤ ርቀትና ብዛት ይሰጣል። ለጀበናችን ዋናው ዛንስ ነው።

«ኤክስሬይ ዲፍራክሽን አይበቃም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ዲፍራክሽን የሚያየው ሰልፉን የጠበቀ ክሪስታል ነው። ሸክላ ሲተኮስ ግን የአፈሩ ማዕድን ሰልፉን ያፈርሳል፤ ካኦሊን ለምሳሌ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ አካባቢ ሥርዓቱን ያጣል። እዚያ ውስጥ ተበትኖ የቀረ ብረት በዲፍራክሽን ሰሌዳ ላይ ቦታ የለውም። ኤክስኤኤስ ግን ሰልፍ አይጠይቅም፣ ብርጭቆም ይሁን ጭቃ ያነባል። ሁለቱንም ብትሠሩ ደግሞ እሰየው።

ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር

ወረቀት አምጡና ጥያቄያችሁን ጻፉ። «የጎንደርን ሸክላ ባሕርይ ማጥናት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ቅደዱት። ኤክስኤኤስ ባሕርይ አያጠናም፤ አንድ ንጥረ ነገር ነው የሚጠይቀው። «በጥቁሩ ጀበና ውስጥ ያለው ብረት ከቀዩ ይልቅ ብረት-2 ይበዛዋል?» ይህ ጥያቄ ነው። አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ አለው።

ከዚያ የንጥረ ነገራችሁን ጎረቤት እዩ። ከብረት ቀጥሎ ኮባልት 7709 ላይ ይጠብቃል። ናሙናው ውስጥ ኮባልት በብዛት ካለ ብረቱን የምትከታተሉት እስከዚያ ነው። ሸክላ ላይ ይህ ብዙም አያሳስብም። የማንጋኒዝ ነገር ግን ሌላ ነው። ማንጋኒዝን ብረት ባለበት አፈር ውስጥ መለካት የፈለገ ሰው ከ6539 ተነስቶ 7112 ላይ የብረት ግንብ ይጠብቀዋል። 573 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው ያለው። አፈራችን ደግሞ ብረት አይጎድለውም።

ናሙና ከየት? ከገበያ። ገዝታችሁ ስበሩት። የፋሲል ግንብን እንዳትነኩ፤ የጥንት ስብርባሪም መሬት ላይ ስላገኛችሁት የእናንተ አይደለም፣ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሸክላ ሠሪዎቹን ጠይቃችሁ ያልተተኮሰውን አፈርም ውሰዱ። በነገራችን ላይ ስለ አተኳኮሱ ከእነሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ የምታወሩት አንድ ሰዓት ከብዙ ንባብ ይበልጣል። መቼ እንደሚያፍኑት፣ በምን እንደሚያጨሱት ጠይቁና ጻፉ። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ነገር ይኖራችኋል፦ ጥሬ አፈር፣ ቀይ ስባሪ፣ ጥቁር ስባሪ። ላቦራቶሪ ውስጥ ፈርነስ ካለ ደግሞ ጥሬውን አፈር ራሳችሁ አየር ባለበት ተኩሱ፤ ማነጻጸሪያ ይሆናችኋል።

መፍጨት፣ መንፋት፣ መመዘን

እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

የጥቁሩን ዕቃ ላይኛ ቆዳና ውስጡን ለየብቻ ውሰዱ። አንድ ላይ ከፈጫችሁት ያላችሁ አማካይ ነው፣ ጥቁረቱ የት እንዳለ ጠፋ። ስትፍቁ ግን በብረት ቢላ አትፋቁ! ሸክላ ቢላውን ይበላዋል፤ ከዚያ የምትለኩት የቢላውን ብረት ነው። የብርጭቆ ስባሪ ወይም ሴራሚክ ቢላ ይበቃል። ሙቀጫውም እንዲሁ፤ የአጌት ድንጋይ ሙቀጫ ፈልጉ፣ ከብረት የተሠራውን እርሱት።

ስትፈጩ አልኮል ጠብ አድርጉበት። ሁለት ጥቅም አለው፦ ዱቄቱ አይበንም፣ ብረት-2ም በግጭት ሙቀትና በአየር ወደ ብረት-3 የመለወጥ ዕድሉ ይቀንሳል። ምን ያህል ይድቀቅ? ቀይ ሸክላ ውስጥ ያለው ሄማታይት (ቀዩ የብረት ኦክሳይድ) ከጠርዙ በላይ አብዛኛውን ጨረር የሚበላው በ7 ማይክሮሜትር ገደማ ውፍረት ነው። ቅንጣቱ ከዚያ በደንብ ማነስ አለበት። ደቃቅ ከሚባሉት ወንፊቶች አንዱ 38 ማይክሮሜትር ነው፤ ለእኛ ገና ሻካራ ነው። ስለዚህ ቅመም ወቅጣ ወንፊት ላይ የቀረውን መልሳ እንደምታደቅ ሴት ደጋግማችሁ ውቀጡ። ከዚያ ዱቄቱን አልኮል ባለበት ረጅም ብልቃጥ ውስጥ በጥብጡት። ከባዱ መጀመሪያ ይዘቅጣል። ላይ የቀረውን ድፍርስ ቀድታችሁ አድርቁ። ጠላ እንደማጥለል ነው፣ የምትፈልጉት ግን ላይኛው ላይ የተንሳፈፈውን ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ማዝቀጥ ማዕድናቱን በክብደት ሊለያያቸው ይችላል፣ ስለዚህ ዝቃጩን መልሳችሁ ፍጩና ቀላቅሉት እንጂ አትድፉት።

ለምን ይህ ሁሉ ድካም? ቅንጣቱ ትልቅ ከሆነ ጨረሩ በመካከል ባለው ክፍተት ሾልኮ ያልፋል። መስመራችሁ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ብረቱ ያሉት ጎረቤቶች ከእውነተኛው ያነሱ ይመስላሉ። ኮምፒውተር ላይ ይህንን የሚያስተካክል ነገር የለም።

አሁን ሚዛኑ። ቁጥሩን አብረን እንሥራው። ጠርዙ ላይ የብረት የመምጠጥ አቅም በግራም ከ53 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ወደ 408 ይዘላል። ልዩነቱ 355 ነው። የዝላዩ ቁመት 1 ቢሆን ግሩም ነው፤ ለዚያ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 2.8 ሚሊ ግራም ብረት ይበቃል። ዱቄቱ ለልኬት እንደ ክኒን ይጨመቃል፤ የተለመደው ክኒን መጭመቂያ ዲያሜትሩ 13 ሚሊ ሜትር ነው፣ ስፋቱ 1.33 ካሬ ሴንቲሜትር። ስለዚህ 3.7 ሚሊ ግራም ብረት። ሸክላችን 5.6 በመቶ ብረት አለው ብለን እንያዝ። 67 ሚሊ ግራም ሸክላ ወጣ።

ቆይ ግን። ሸክላ ብረት ብቻ አይደለም። ሲሊከኑና አሉሚኒየሙም ጨረር ይበላሉ። 67 ሚሊ ግራሙን ከጨመቃችሁ ጠቅላላው መምጠጥ 3.5 አካባቢ ይደርሳል፤ ከ100 ጨረር የሚያልፈው 3 ብቻ ነው። ጠቅላላው ከ2.5 ባይበልጥ ይመረጣል። ስለዚህ ግማሹን፣ 35 ሚሊ ግራም፣ መዝኑ። ዝላዩ 0.5 ይሆናል፣ ጠቅላላው ከ2 በታች። ያ በቂ ነው። 35 ሚሊ ግራም ብቻውን ክኒን ሆኖ አይቆምም፣ ይሰነጠቃል፤ 70 ሚሊ ግራም ያህል ሴሉሎስ ወይም ቦሮን ናይትራይድ ጨምሩና በደንብ አዋሕዱ። ጨምቃችሁ ስታወጡ ወደ መብራት አንሡት። ነጠብጣብ ካያችሁ መልሳችሁ ፍጩ።

ብረቱ በጣም ጥቂት ከሆነ፣ ከ1 በመቶ በታች በሉት፣ በማለፍ (ናሙናውን አልፎ የሚወጣውን ጨረር በመለካት) ሳይሆን በፍሎረሰንስ (ናሙናው መልሶ የሚያበራውን ኤክስሬይ በመለካት) ነው የሚለካው። በተቃራኒው ብረት የበዛበትን ወፍራም ናሙና በፍሎረሰንስ ብትለኩ ናሙናው የራሱን ብርሃን መልሶ ይውጠዋል፣ ሞገዱም ያጥራል። ይህንን ስሕተት ብዙ ሰው ይሠራል፣ ምክንያቱም በፍሎረሰንስ ጊዜ ናሙና ማዘጋጀት ቀላል ይመስላል።

ማነጻጸሪያዎችን አትርሱ። ሄማታይት፣ ጎታይት፣ ማግኔታይት የሚባሉትን የብረት ማዕድናት በተመሳሳይ መንገድ አዘጋጁ። ከንጹሕ ሄማታይት 5 ሚሊ ግራም ገደማ ይበቃል። ለብረት-2 ደግሞ የሞር ጨው ኬሚካል ክፍል ውስጥ አይጠፋም፤ ሸክላ ውስጥ ያለውን ብረት ግን ብዙም አይመስልም፣ የብረት-2 ማዕድን ብታገኙ ይሻላል። የጎንደር ተራራ ባዛልት ነው፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ፈስሶ የረጋ። ከድንጋይ ካባ አዲስ የተፈለጠ ጥቁር ባዛልት ውስጥ ብረት-2 ይበዛል፤ ያው ድንጋይ በስብሶ ቀይ አፈር ሲሆን ብረቱ ወደ ብረት-3 ይሄዳል። ሁለቱን ለሙከራ ብትይዙ ወጪ የለውም፣ ለዓይናችሁም ጥሩ ልምምድ ነው።

መለያ ጽሑፍ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ብልቃጦቹ ላይ በተራ ማርከር ጽፌ፣ አልኮሉ አጥቦት፣ ስድስት ተመሳሳይ ቡናማ ክኒን ይዤ ማልቀስ ብቻ ቀረኝ። እርሳስ። በእርሳስ ወረቀት ላይ ጻፉና ከክኒኑ ጋር አሽጉት። ክኒኑን ራሱን በሁለት በኩል በካፕተን ቴፕ (ኤክስሬይ የሚያሳልፍ ቴፕ) ሸፍኑት። አውሮፕላን ስትሳፈሩ ደግሞ ነጭ ዱቄት በከረጢት አትያዙ፤ ቦሮን ናይትራይድ መሆኑን ለፈታሽ ማስረዳት እንደምታስቡት አይቀልም። ሁሉም ክኒን ሆኖ ይሂድ፣ ምንነቱን የሚገልጽ ደብዳቤም ይኑረው።

ጨረሩ ጋ መድረስ

ቅርባችን ዮርዳኖስ ነው። ሴሳሚ የሚባለው ሲንክሮትሮን አላን በምትባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ2017 ተመርቆ ተከፈተ፤ ይህንኑ ዘዴ የሚሠራ ቢምላይን (ጨረሩ ወደ ናሙናው የሚመራበት የመለኪያ ጣቢያ) አለው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ፍላጎቱን ከፀሐይ ነው የሚያገኘው። መብራት ሄደ መጣ እያልን ፈርነስ ለምናጠፋ ሰዎች ይህ ትንሽ ያስቀናል። ጣሊያን ትሪየስቴ ኤሌትራ አለ። ከአፍሪካ የሚመጡ ተመራማሪዎችን ጉዞ የሚያግዝ ላአምፕ የሚባል ፕሮግራምም አለ። ሁሉም ጋ የጨረር ሰዓት የሚገኘው ማመልከቻ ተጽፎ፣ በባለሙያ ተገምግሞ ነው።

ማመልከቻው ላይ ስለ ጎንደር ታሪክ ሁለት ገጽ አትጻፉ። ገምጋሚው ማወቅ የሚፈልገው፦ የትኛው ጠርዝ፣ ስንት ናሙና፣ ብረቱ ስንት በመቶ፣ በማለፍ ነው በፍሎረሰንስ፣ ስንት ሰዓት፣ ለምንስ በሌላ ዘዴ አይሆንም። ላይ የሠራነውን የ35 ሚሊ ግራም ስሌት አስገቡት። የቢምላይኑን ሳይንቲስት አስቀድማችሁ በኢሜይል አማክሩ፤ አያሳፍሯችሁም፣ አትፈሩ።

የደረሳችሁ ቀን መጀመሪያ የብረት ፎይል ለኩ። ከተቻለ ፎይሉ ከናሙናው ጀርባ ቆሞ ሁልጊዜ አብሮ ይለካ፣ ምክንያቱም የጉልበት መለኪያው በሰዓታት ውስጥ ትንሽ ሊንሸራተት ይችላል፣ እኛ ደግሞ የምናድነው ከ2 ኤሌክትሮን ቮልት ያነሰ ልዩነት ነው። ከጠርዙ 150 ኤሌክትሮን ቮልት በፊት ጀምሩ፣ እዚያ በትልልቅ እርምጃ ሂዱ፤ ጠርዙ አካባቢ በ0.25 እርምጃ፤ ከዚያ እስከ 550 ድረስ እያሰፋችሁ። እያንዳንዱን ናሙና ሦስት ጊዜ ለኩ። ሦስቱ መስመሮች ካልተደራረቡ ወይ ጨረሩ ናሙናውን እየለወጠው ነው ወይ የሆነ ነገር ተነቃንቋል።

ቤት ከገባችሁ በኋላ

ውሂቡ ጽሑፍ ነው፣ ፍላሽ ላይ ቦታ አይይዝም። አቴናና አርቴሚስ የሚባሉት ፕሮግራሞች በነጻ ይወርዳሉ፤ ላርችም እንዲሁ። አንዴ ከጫናችሁ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራሉ።

አቴና ላይ መጀመሪያ ፎይሉን ክፈቱ። የዴሪቬቲቩ (መስመሩ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚወጣ የሚያሳየው) የመጀመሪያ ጫፍ 7112 ላይ እንዲሆን አስተካክሉ፣ ናሙናዎቹንም በዚያው ልክ አንሸራቱ። ሦስቱን መስመሮች አዋሕዱ። ከዚያ ኖርማላይዝ ማድረግ ነው፦ ከጠርዙ በፊት ያለው መስመር ዜሮ ላይ፣ ከጠርዙ በኋላ ያለው 1 ላይ እንዲቀመጥ። ይህንን በግዴለሽነት የሠራ ሰው ቀጥሎ የሚያነበው ሁሉ የተሳሳተ ነው። የመስመሮቹን ጫፍ ትንሽ አንቀሳቅሱና ውጤቱ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ራሳችሁ እዩት።

አሁን ከጠርዙ በፊት ያለችውን ትንሽ ጉብታ ተመልከቱ። ጀማሪ ያልፋታል፣ ግን ወርቋ እዚያ ነው። ማዕከሏ 7112.1 አካባቢ ከሆነ ብረት-2፣ 7113.5 አካባቢ ከሆነ ብረት-3፣ መካከል ከሆነ ድብልቅ። ጉብታዋ ከፍ ብላ ከታየች ብረቱ በ4 ኦክስጅን ተከቧል ማለት ይሆናል፤ አጭር ከሆነች በ6። ቀጥሎ የማነጻጸሪያዎቹን መስመሮች በመደመር የናሙናውን መስመር ለመሥራት ሞክሩ፣ ፕሮግራሙ ድርሻቸውን ይሰጣል። አምስት ማነጻጸሪያ ጨምራችሁ «ግሩም ገጠመ» ብትሉኝ አላምናችሁም። በሁለት ወይም በሦስት ይግጠም።

ኤግዛፍሱን የምትፈልጉ ከሆነ፣ ፉሪየሩን ኬ (የተፈነቀለው ኤሌክትሮን የሞገድ ቁጥር) ከ3 እስከ 11 ባለው ክልል አድርጉና በኬ ስኩዌር አክብዱት። የመጀመሪያው ጫፍ 1.5 አንግስትሮም (የአቶሞች ርቀት መለኪያ) አካባቢ ይታያል። ይህ ርቀቱ አይደለም! ኤሌክትሮኑ አቶሞቹን ሲነካ የሚፈጠረው የሞገድ መንሸራተት (ፌዝ) ስላልተስተካከለ ከ0.3 እስከ 0.5 አጥሮ ነው የሚታየው። እውነተኛው በአርቴሚስ ሞዴል ገጥሞ ነው የሚወጣው፤ ሄማታይት ውስጥ ለምሳሌ ሦስት ኦክስጅን 1.95 ላይ፣ ሦስት ደግሞ 2.12 ላይ ናቸው። ርቀቱን እስከ 0.02 ማመን ይቻላል። የጎረቤት ብዛቱ ግን ከ10 እስከ 20 በመቶ ይሳሳታል፣ ስለዚህ «5.7 ኦክስጅን» ብላችሁ አትጻፉ። ኦክስጅንና ናይትሮጅንንም አይለይም፣ ጎን ለጎን ስለሆኑ ይመሳሰሉበታል።

እና ጀበናው? ሦስት ነገር ልታዩ ትችላላችሁ። የጥቁሩ ቆዳና የቀዩ መስመር አንድ ላይ ከተደራረቡ ብረቱ አልተነካም፣ ያጠቆረው ጥላሸቱ ነው። ጠርዙና ጉብታዋ ወደ ዝቅተኛ ጉልበት ከተንሸራተቱ እሳቱ ብረቱን ራሱን ለውጦታል። ቆዳው ተለውጦ ውስጡ ካልተለወጠ ደግሞ የማፈኑ ሥራ የተሠራው መጨረሻ ላይ፣ ለአጭር ጊዜ ነው የሚል ግምት ይመጣል፤ ይህንን ከሸክላ ሠሪዋ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩት። ጥቁሩን ስባሪ አየር ባለበት ፈርነስ መልሶ ማሞቅም ፍንጭ ይሰጣል ይባላል፣ ጥላሸቱ ይቃጠላልና። ብቻውን ግን አያስተማምንም፣ ብረቱም በዚያው እሳት አብሮ ይቀላልና።

የተረፉትን ክኒኖች ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፣ ክረምት ላይ እርጥበት ይገባቸዋል። ጥሬውን ውሂብ ከፎይሉ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ፣ ምንም ሳትነካኩት፣ ሁለት ቦታ ቅዱት። ገምጋሚ ከዓመት በኋላ የሚጠይቀው እሱን ነው።